የቀመሩን ወረቀት ስጧቸው፣ ትርጉሙን ጠይቋቸው

ለ፦ በጎጃም በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ለስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍሎችና ኮርሱን ለምታስተምሩ መምህራን በሙሉ

ጉዳዩ፦ የመግቢያ ስታቲስቲክስ ፈተና አወጣጥን ይመለከታል

የተከበራችሁ መምህራን፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ከእህል ጋር ነው። አዝመራ ሲደርስ ከመረጃ ሰብሳቢዎች ጋር ማሳ ለማሳ እዞራለሁ። እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ቢሮ ቁጭ ብዬ የመጣውን ቁጥር አጣራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ የተማሪ ነው። ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግ፣ ግብርና፣ ጤና የሚያጠኑ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከቢቸና የመጣ አለ፣ ከሞጣ አለ፣ ከፍኖተ ሰላም አለ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ የስታት ፈተና ደረሰብን።»

የዚህ ደብዳቤ መነሻ አንዲት ልጅ ናት። ደብተሯ ላይ ቀመሮቹን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ በመልክ በመልክ ጽፋቸዋለች። የቫሪያንሱን፣ ማለትም የቁጥሮችን መበታተን የሚለካውን ቀመር ዓይኗን ጨፍና ትወርደዋለች። እኔም አምስት ቁጥር ጻፍኩላት። አምስት ቤቶች በዓመቱ ያገኙት ጤፍ ነው አልኳት፤ 8፣ 9፣ 10፣ 11 እና 62 ኩንታል። አማካዩን አውጪ አልኳት። ወዲያው 20 አለች። ልክ ናት።

«ከአምስቱ ቤት 20 ኩንታል ያገኘው የትኛው ነው?» አልኳት።

ቁጥሮቹን እንደገና አየቻቸው። «ማንም» አለች።

«ታዲያ አንድ እንግዳ መጥቶ በዚህ መንደር አንድ ቤት ስንት ያገኛል ብሎ ቢጠይቅሽ ምን ትይዋለሽ?»

ዝም አለች። ከዚያ በትህትና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ ፈተና ላይ አይመጣም» አለችኝ።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። የጊዜዋን ዋጋ የምታውቅ ልጅ ናት። የተናገረችውም እውነት ነው። ልጆቹ ከግቢ በር አጠገብ ካሉ ፎቶኮፒ ቤቶች ገዝተው፣ ከቴሌግራም አውርደው ያመጡልኝን የድሮ ፈተናዎች አስቀምጫቸዋለሁ። ያን ቀን ማታ አውጥቼ አንድ በአንድ አየኋቸው። አብዛኛው ጥያቄ «አስላ» ይላል። አማካይ አስላ፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ በተለምዶ ምን ያህል እንደሚርቁ) አስላ፣ ዜድ (አንድ ቁጥር ከአማካዩ በስንት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን እንደሚርቅ) አስላ። «ይህ ቁጥር ምን ይነግርሃል?» የሚል ጥያቄ በስንት ወረቀት አንድ ነው የሚገኘው። ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው። ስለዚህ ልጆቹን እንዴት እንደሚያጠኑ ከመውቀሳችን በፊት እኛ ምን እንደምንጠይቅ እንይ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ልመናዬን ከወዲሁ ልናገር። የቀመሩን ወረቀት ከፈተናው ጋር አያይዛችሁ ስጧቸው። ሰንጠረዡንም ስጧቸው። ከዚያ በኋላ ትርጉሙን ጠይቋቸው።

ሰንጠረዡን ሳነሳ የራሴ ነገር ትዝ ይለኛል። ተማሪ ሳለሁ ስታት ፋይናል ተፈተንኩ። ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና ነበር ያደርኩት። ከሀንዳውቱ ጀርባ ያለው የዜድ ሰንጠረዥ ኖርማል ዲስትሪቢዩሽን በሚባለው ደወል መሰል ኩርባ ሥር ከመሃል፣ ከዜሮ ተነስቶ እስከ ዜድ ያለውን ስፋት የሚሰጥ ነበር፤ ስፋቱ ዕድሉን ያሳያል። በዚያ ሰንጠረዥ 1.96 ላይ 0.4750 ይገኛል። ፈተና ላይ የታደለን ሰንጠረዥ ግን ከግራ ጫፍ ጀምሮ ያለውን በሙሉ የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ፤ እዚያው 1.96 ላይ 0.9750 ይላል። ማንም አልነገረንም። እኔ እንደለመድኩት 0.5 ጨመርኩበት። ፕሮባቢሊቲዬ፣ ማለትም ያወጣሁት ዕድል፣ ከ1 በለጠ። ፕሮባቢሊቲ ከ1 እንደማይበልጥ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ደነገጥኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ሠራሁ፣ ሰዓት አለቀ። ፎቶኮፒውም ደብዝዞ የመጨረሻው ዓምድ ተቆርጦ ነበር። ያ ፈተና ምኔን እንደለካ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኖርማል ዲስትሪቢዩሽን ማወቅ አለማወቄን ግን አልለካም።

ያ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ወር አንድ ልጅ ተመሳሳይ ነገር ሲነግረኝ ግን የተሰማኝ ትናንት እንደሆነ ነው። የሰንጠረዡን ዓይነት በሥዕል ማሳየት፣ ከፈተናው በፊት ያንኑ ሰንጠረዥ ለክፍሉ ማደል፣ ጥርት ያለ ኮፒ ማባዛት ብዙ ወጪ የለውም። ካልኩሌተርም እንዲሁ ነው። አንዱ ዳታውን አስገብቶ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን በአንድ ቁልፍ የሚያወጣ ካሲዮ ይዟል፤ ጎኑ ያለው ልጅ ደግሞ የሱቅ ሒሳብ መደመሪያ ይዟል፤ ስልክ ደግሞ አይፈቀድም፤ መዋዋስም አይፈቀድም። ቁጥሮቹን በእጅ የሚሠሩ አድርጎ ማውጣት ይቻላል። 14፣ 15፣ 16 የአንድ ቀበሌ የምርት ቁጥር ይሁኑ፤ 5፣ 15፣ 25 የሌላ ቀበሌ ይሁኑ። የሁለቱም አማካይ 15 ነው። የመጀመሪያው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 1፣ የሁለተኛው 10 ነው። ካልኩሌተር አያስፈልግም። ከዚያ «የትኛው ቀበሌ ያለ ገበሬ ነው ለክፉ ቀን ይበልጥ ማስቀመጥ ያለበት?» ብላችሁ ጠይቁት። ያኔ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የገባውና ያልገባው ይለያል።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልጆቹ የሚወድቁበት ዋናው ቦታ ይሄ ይመስለኛል።

ኮርሱ በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቻችን የሚያስቡት በአማርኛ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ የሚል ጥያቄ ሰጠኋቸው። አንድ የበቆሎ ዘር የመብቀል ዕድሉ 0.8 ነው፤ በቡሬ አንድ ገበሬ 10 ዘር ዘራ፤ «አት ሊስት» 9 የመብቀል ዕድሉ ስንት ነው? ከስድስቱ ልጆች አራቱ የአሥሩን ብቻ አሰሉ፤ 0.107 ገደማ። ቀመሩን ያውቁታል። ኮምቢኔሽኑን (የመምረጫ መንገዶቹን ቆጠራ) ያውቁታል። «አት ሊስት 9»ን ግን «ከ9 በላይ» ብለው ነው ያነበቡት። ጥያቄውን በአማርኛ «ቢያንስ 9» ብዬ ስጽፈው ያለ ምንም እገዛ የዘጠኙንና የአሥሩን ደምረው 0.376 አወጡ። አየኋቸው፣ ደስ አላቸው፤ እኔ ግን አዘንኩ። ለካ ስንት ልጅ ባይኖሚያል (እንዲህ ያለው የበቀለ አልበቀለም ስሌት) አልገባውም ተብሎ ማርክ ተቀንሶበታል፤ ያልገባው ሁለት ቃል ሆኖ ሳለ።

ሌሎቹም ቃላት እንዲሁ ናቸው። «ፖፑሌሽን» ሲሉ ሕዝብ ይመስላቸዋል፤ የጆንያ ክምር፣ የበግ መንጋ፣ የአምፖል ሣጥን ፖፑሌሽን ሊሆን እንደሚችል አይታያቸውም። «ኖርማል» ሲባል ጤነኛ ማለት ይመስላቸዋል፤ ዳታው ኖርማል ካልሆነ የተበላሸ ይመስላቸዋል። «ሲግኒፊካንት» ደግሞ በጣም አስፈላጊ ማለት ይመስላቸዋል፤ ትርጉሙ ግን ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስልም ማለት ነው። ማዳበሪያው ምርቱን በሩብ ኩንታል ብቻ ጨምሮ ናሙናው በጣም ትልቅ ከሆነ «ሲግኒፊካንት» ሊባል ይችላል፤ ያቺ ሩብ ኩንታል የማዳበሪያውን ዋጋ ትመልሳለች ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ይህን ለማስረዳት አሥር ደቂቃ በአማርኛ ማውራት ክልክል አይደለም። ብዙዎቻችሁ ክፍል ውስጥ እንደምታደርጉት አውቃለሁ፤ አመሰግናችኋለሁ። ፈተናው ላይ ግን ከቁልፍ ቃላቱ ጎን የአማርኛ ፍቺ ቢኖር ማን ይጎዳል?

ከሁሉ የከፋው «ራንደም» ነው። ልጆቹ ራንደም ማለት ዝም ብሎ፣ እንዳገኙ፣ ዓይን ያረፈበትን ማንሳት ይመስላቸዋል። እኔ በሥራዬ ብዙ ጊዜ የማየው ነገር ስለሆነ በዚህ አለመናገር አይሆንልኝም። የማሳ ምርት ለመገመት አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች መደብ መርጠን እናጭዳለን፤ እንወቃለን፤ እንመዝናለን። የቱ ጋ እንደምናጭድ የሚወስነው በዕጣ የወጣ ቁጥር ነው። በቢቸና በኩል አንድ አባወራ ዕጣው ስስ ቦታ ላይ ሲወድቅ አይተው፣ «ይችን ለምን መረጥህ? ወዲያ በኩል ያለው ደህናው አይደል?» አሉኝ። ሌላ ቦታ ደግሞ ዕጣው ደልዳላው ላይ ሲወድቅ ባለማሳው ቅር አላቸው፤ ግብር የሚጨምርባቸው መስሏቸው። ሁለቱም ወገን የየራሱን ምክንያት ይዟል። እኔም ብሆን ፀሐይ ላይ ስውል ለመንገድ የቀረበውን ማጨድ ያምረኛል። ዕጣው የወጣው ለዚህ ነው፤ የእኔንም የእሳቸውንም ምርጫ ከመሃል ለማውጣት። ራንደም ማለት ዝም ብሎ ማለት አይደለም። ተጠንቅቆ፣ ቁጥር አውጥቶ፣ የራስን ፍላጎት መከልከል ማለት ነው።

ይህን የእህል ነጋዴ ሳይማር ያውቀዋል። ገበያ ላይ ጆንያ ሲከፈትለት ከላይ ያለውን አይቶ አይገዛም። ሻጩ ከላይ ምርጡን፣ ከሥር ድብልቁን እንደሚያደርግ ያውቃል። ውስጧ ክፍት የሆነችውን ሹል ብረት ከጎን ወግቶ ከመሃል ያወጣል፤ ሌላ ጋ ወግቶ ደግሞ ያወጣል። ናሙና ማለት ይሄ ነው። ይህን ገበያ እያዩ ያደጉ ልጆች «ሳምፕሊንግ ባያስ (የናሙና አድልዎ) ምንድን ነው?» ሲባሉ አራት መስመር የእንግሊዝኛ ትርጉም በቃላቸው ይጽፋሉ። ከጆንያው አፍ የተዘገነ ጤፍ አሳይታችሁ «ይህ ነጋዴ ምን ተሳሳተ?» ብትሏቸው ግን ከእኔም ከእናንተም የተሻለ ይመልሳሉ።

ሃይፖተሲስ ቴስቲንግን፣ ማለትም አንድን አባባል በማስረጃ መፈተንን፣ ደግሞ በቡና ነው የማስጠናው። አንድ ልጅ በጀበና የተፈላን ቡናና በማንቆርቆሪያ የተፈላን ቡና ቀምሼ እለያለሁ አለ። እንፈትንህ አልነው። ስምንት ሲኒ ቀረበ፤ አራቱ ከጀበና፣ አራቱ ከማንቆርቆሪያ። ቅደም ተከተሉን በዕጣ አወጣን። አራት አራት መሆናቸውን ነግረነዋል፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አያውቅም። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ወተቱ ይቅደም ሻዩ ይቅደም ለይቼ አውቃለሁ ስላለች ሴት የጻፈው ነው። እኛ አገር የሚቀርበው ቡና ስለሆነ ወደ ቡና አመጣሁት።

ልጁ ከመቅመሱ በፊት ሌሎቹን አስሉ አልኳቸው። ከስምንት ሲኒ አራቱን ለመምረጥ 70 መንገድ አለ። ምንም ሳይለይ በግምት ብቻ ሁሉንም ቢያገኝ ዕድሉ ከ70 አንድ ነው፤ 1.4 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ሁሉንም ካገኘ እናምነዋለን ተባባልን። ልጁ ቀመሰ። ከጀበናዎቹ አራት ሦስቱን አገኘ፤ አንዱን ሳተ። ክፍሉ በጭብጨባ ሊቀበለው ነበር። ቆይ አልኳቸው። በግምት ብቻ ሦስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል ስንት ነው? ሦስት የሚያገኝበት 16 መንገድ፣ አራቱንም የሚያገኝበት 1፤ በድምሩ 17 ከ70። 24 በመቶ ገደማ። ምንም የማይለይ ሰው ከአራት ሙከራ አንዴ ያህል ይህን ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

«እንግዲያው አይለይም ማለት ነው?» አለች አንዷ።

የጠበቅኩት ጥያቄ እሱ ነበር። አይደለም። አይለይም ማለት አይደለም። ይለያል ለማለት የሚበቃ ማስረጃ አላገኘንም ማለት ነው። ምናልባት ይለይ ይሆናል፤ ስምንት ሲኒ ጥቂት ሆኖበት ይሆናል። ልጆቹ ከዚያ ቀን ወዲህ «ናል ሃይፖተሲሱን (እዚህ ላይ «አይለይም» የሚለውን መነሻ ግምት) አክሰፕት አደረግን»፣ ተቀበልን ብለው ሲጽፉ አላየሁም። ፒ ቫሊዩ፣ ማለትም በግምት ብቻ ይህን ያህል ወይም ከዚያ የተሻለ ውጤት የማግኘት ዕድል፣ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቋቸው 17 ከ70 ይሏችኋል፤ ከዚያም ያ 17 ከየት እንደመጣ ይነግሯችኋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀው። ለፈተናውም ሆነ ለሕይወታቸው ይበቃል።

ናሙና ትንሽ ሲሆን በዜድ ፋንታ የምንጠቀምበትን ቲ ዲስትሪቢዩሽንንም እንዲሁ። ሰንጠረዡ ላይ «ስቱደንት» የሚል ስም አለበት። ልጆቹ ለተማሪ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ ይመስላቸዋል! ስሙ የአንድ ሰው የብዕር ስም ነው። ዊሊያም ጎሴት ደብሊን ውስጥ ጊነስ ቢራ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ነበር። ድርጅቱ ሠራተኞቹ በስማቸው ጥናት እንዲያወጡ አይፈቅድም ነበርና በ1908 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሥራውን «ስቱደንት»፣ ማለትም «ተማሪ» ብሎ አሳተመው። ጭንቀቱ የገብስና የቢራ ጥራት ነበር። በእጁ ያለው ናሙና ደግሞ ትንሽ ነው። በጮቄ ግርጌ ገብስ ለምንመዝን ለእኛ ይህ ጭንቀት ሩቅ አይደለም። አምስት መደብ ብቻ ስናጭድ 1.96ን መጠቀም አንችልም፤ በአራት ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (ከናሙናው ብዛት አንድ ሲቀነስ) 2.776 ነው የምንወስደው። አማካዩ ከዚህ እስከዚህ ነው የምንልበት የግምት ክልል ይሰፋል። ትንሽ ነው ያየሁት፣ ስለዚህ ብዙ አልደፍርም ማለት ነው። ይህን ታሪክ የሰማ ልጅ መቼ ዜድ፣ መቼ ቲ የሚለውን አይረሳም።

«ታዲያ ቃል በቃል ማጥናት አያስፈልግም ልትል ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አልልም። የምንኖረው ጎጃም ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የቅኔ አገር ናቸው። የቅኔ ተማሪ ግሡንና አገባቡን በቃሉ ይይዛል፤ ያለዚያ አይሆንም። ግን መምህሩ ፊት ሲቀርብ የያዘውን ግሥ አይደለም የሚያሰማው። የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ነው የሚቀርበው። ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ ቅኔ «ይቆጠራል» ነው የሚባለው። ጀማሪው ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ መምህሩ ያርሙታል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይቆጥራል። የትናንቱን ደግሞ ማምጣት፣ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። በዚህ አገር ለረጅም ዘመን መቁጠር ማለት ማሰብ ነበር። የእኛ ፈተና ግን ግሡን ብቻ ጠይቆ ልጁን ይሸኘዋል። ቅኔውን አይጠይቀውም።

አንድ ሌላ ነገር አንስቼ ወደ ልመናዬ ልመለስ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። 3.3 በመቶ ገደማ ነው። ያ ቁጥር ሲነገር ቤት ሁሉ ያዘነበት ነው። ልጆቹም ብዙዎቹ በዚያው ሰሞን የተፈተኑ ወይም ወንድም እህታቸው የተፈተነ ስለሆነ ያውቁታል። ይህን ሰጠኋቸውና «95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ያስፈልገዋል?» አልኳቸው፤ ከናሙና ተነስተን እውነተኛውን ቁጥር የምንገምትበት ክልል ማለት ነው። ሁሉም ካልኩሌተር አነሱ። ፒ ሲባዛ አንድ ሲቀነስ ፒ፣ ሲካፈል ለኤን፣ ካሬ ሥር። ቀመሩን በትክክል አስገቡት። ማንም ቆሞ «ይሄ እኮ ናሙና አይደለም፤ የተፈተኑት ሁሉ ተቆጥረዋል» አላለም። ሁሉም ከተቆጠረ የናሙና ስህተት ከየት ይመጣል? ይህ ጥያቄ አንዲት ሒሳብ አያስፈልገውም። ግን ስታቲስቲክስ የገባውን ካልገባው በአንድ ደቂቃ ይለያል።

ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። አንድ መምህር ብዙ ሴክሽን ይይዛል። በእነዚህ ዓመታት ትምህርቱ ሲቋረጥ፣ ሲቀጥል፣ ሴሚስተሩ ሲጨናነቅ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ አብራችሁ ተቸግራችኋል። ሐተታ የሚጻፍበት ፈተና ማረም ከባድ ነው፤ ምርጫ ግን ማውጣት ትችላላችሁ። ለምሳሌ፦ ከተወሰኑ ማሳዎች በተወሰደ ናሙና የአንድ ጥማድ አማካይ የጤፍ ምርት 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ4.1 እስከ 4.9 ኩንታል ነው። ከሚከተሉት የቱ ትክክል ነው? አንዱ ምርጫ «ከማሳዎቹ 95 በመቶው በዚህ መሃል ያመርታሉ» ይላል። ሌላው «የናሙናው አማካይ በዚህ መሃል የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ነው» ይላል። ሦስተኛው «በዚሁ ዘዴ ደጋግመን ናሙና ብንወስድ ከምናወጣቸው ክልሎች 95 በመቶ ያህሉ እውነተኛውን አማካይ ይይዛሉ» ይላል። ማረሙ እንደ ሌላው ምርጫ ነው። ይህን ለመመለስ ግን መሸምደድ አይጠቅምም። የድሮ ፈተና ቁልፍ ይዞ «ሲ ነው» ማለትም አይሠራም፤ ቁጥሩንና ነገሩን በየዓመቱ መለዋወጥ ቀላል ነውና።

ከፈተና በኋላ ደግሞ ወረቀቱን አሳዩዋቸው። ብዙ ልጅ ግሬዱን ብቻ ነው የሚያየው። የት እንደሳተ አያውቅም። ሁለተኛ ሲፈተን ያንኑ ይደግማል። ግማሽ ሰዓት መድባችሁ ብዙዎች የሳቱትን ሦስት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ብትሠሩላቸው ትልቅ ነገር ነው።

ለእናንተም ለልጆቹ ጥቂት ልበል፤ ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ፈተናችሁ ቀርቧል። የድሮ ፈተና ሥሩ፤ አልከለክላችሁም። ግን መልሱን ካወጣችሁ በኋላ እስክሪብቶውን ሳታስቀምጡ ቁጥሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፉት፤ ለእናታችሁ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ። ዓረፍተ ነገሩ እምቢ ካላችሁ ገና አልገባችሁም፤ ወደ ጥያቄው ተመለሱ። «አት ሊስት»፣ «አት ሞስት»፣ «ሞር ዛን» በሚሉት ሥር መስመር አስምሩና «ቢያንስ»፣ «ቢበዛ»፣ «ከዚህ በላይ» ብላችሁ ጎኑ ጻፉ። ሰንጠረዥ ሲሰጣችሁ መጀመሪያ ዜሮ ላይ ምን እንደሚል እዩ። 0.5 ካለ ከግራ ጫፍ የሚጀምር ነው፤ 0 ካለ ከመሃል የሚጀምር ነው። እኔን የጣለኝ ይህን የአምስት ሰከንድ ነገር አለማየቴ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስትቸክሉ አትደሩ፤ ሦስት ሆናችሁ አጥኑ፣ አንዱ ያስረዳ፣ ሁለቱ ይጠይቁ፤ ተራ ተለዋወጡ።

መምህራን ሆይ፣ ለጥያቄ የሚሆን ዳታ ቸግሮን ነው ካላችሁ እኔ አለሁ። የማንንም ገበሬ ስም የማይነካ፣ በእጅ የሚሠራ፣ ከዚሁ ከአካባቢያችን የገብስ፣ የጤፍና የበቆሎ ቁጥር አዘጋጅቼ እሰጣችኋለሁ። ቢሮ ልመጣም እችላለሁ። ዋጋ የለውም።

ያቺ ልጅ በቀጣዩ ቅዳሜ ተመልሳ መጣች። ሳልጠይቃት ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። ከ8፣ 9፣ 10፣ 11፣ 62 ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ጽፋለች፦ «ለእንግዳው 10 ኩንታል እለዋለሁ፤ መሃል ያለው ቤት እሱ ነው። 62 ያገኘውን ቤት ደግሞ ለብቻው እነግረዋለሁ፤ ምን ያህል መሬት እንዳለው እንዲጠይቅልኝ።» ቀይ ቀመሮቹ መካከል ይህ አንድ ሰማያዊ መስመር ነው። ፋይናሏ በሚቀጥለው ወር ነው። እባካችሁ፣ ይህ መልስ ማርክ የሚያገኝበት አንድ ጥያቄ አውጡላት።

ከአክብሮት ጋር፣

የቅዳሜ አስጠኚያቸው
ደብረ ማርቆስ